ምዕራፍ ሦስት ይጠናከር

እንዴት ዋልሽ እህቴ? ደህና ነሽልኝ? ልጆቹስ? ተመስገን። ኧረ አትነሺ፣ እኔ ምን እንግዳ ነኝ። ይህን ወንበር እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጥበት። የግራ እግሩ ላልቶ ሲወዛወዝ ካርቶን አጥፌ የደገፍኩት እኔ አይደለሁ? ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ይመስለኛል… ወይስ አራተኛ? ብቻ መጋረጃው ቡናማ በነበረ ጊዜ ነው። አሁን ደግሞ ቀየራችሁት? ያምራል። ከቡናማው በፊት አረንጓዴ ነበር፤ ከአረንጓዴው በፊት ምንም አልነበረም፣ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታን ነበር። ሰው የተማረበትን ዘመን በመምህሮቹ ያስታውሳል፣ እኔ በመጋረጃ ሆነ የማስታውሰው።

አበባሽ ግን አደገች። እኔ ስመዘገብ በፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ሁለት ቅጠል ይዛ ነበር የማውቃት፤ አሁን መስኮቱን ልትሸፍን ነው። ማነው የሚያጠጣት፣ አንቺ ነሽ? በየሳምንቱ? አየሽ፣ በሳምንት አንዴ ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ስላገኘች ነው። እድለኛ ናት። ለሷ ብዬ ደስ አለኝ።

አማካሪዬ አሉ እንዴ ታዲያ?… ስብሰባ ላይ? እሺ። እሺ የኔ እናት፣ ምን ችግር አለው፣ እጠብቃለሁ። በሩን? ተይው፣ አትዝጊው፣ ክፍሉ ሞቋል፣ አየር ይግባበት። እኔ እንደሆን ድምፄ ቀጭን ነው፣ ስብሰባ አይረብሽም። ደግሞ ጨዋ ስብሰባ ነው፤ ከመጣሁ ጀምሮ የሰማሁት አንድ ሳል ብቻ ነው። ቅድም ያስገባሽውም ሻይ አንድ ብርጭቆ ነበር። ተሰብሳቢው ሁሉ እንዲህ አንድ ልብ የሆነበት ስብሰባ የት ይገኛል? በኛ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ጩኸቱ ግቢው በር ድረስ ይሰማል።

በዚህ ነገር ደግሞ ቅር ያለኝ እንዳይመስልሽ። እኔም እኮ ከዚያኛው ወገን ነኝ። መዝገብ ቤት፣ መስኮት ቁጥር አራት፣ አሥራ ስድስት ዓመት። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ብታውቂ። አንዳንዴ ኃላፊያችን አጠገቤ ቆመው ብርቱካን እየላጡ ነው የምለው። ስለዚህ አንቺ ስትዪኝ እንደ ባለሙያ ነው የማዳምጥሽ። እንዲያውም ትበልጪኛለሽ፤ አንቺ ስትናገሪ ዓይንሽን አትሰብሪም፣ እኔ ትንሽ መሬት መሬት አያለሁ።

ለማንኛውም ቅጹ ይሄውልሽ። አንድ ገጽ ነው… አውቃለሁ፣ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ለራሴ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው ጮክ ብዬ የምናገረው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የድህረ ምረቃ ቢሮው መስኮት ይዘጋል። ከመስኮቱ ጋር የኔም ሰባት ዓመት አብሮ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ወረቀት አይቀበሉም፣ ፋይሉ ይሰረዛል፣ ያለፍኳቸው ኮርሶች ሁሉ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። መማር ከፈለግሽ እንደ አዲስ የመግቢያ ፈተና ተፈተኚ ነው። የጎደለኝ ደግሞ አንዲት ፊርማ ናት፣ እዚች ጋ፣ «የመመረቂያ ጽሑፉን አንብቤ ለፈተና ብቁ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ከሚለው ሥር። የመጨረሻውን ጽሑፍ ካስረከብኩሽ እንኳ ሁለት ወር ሆነው፤ ያውና፣ ከጀርባሽ መደርደሪያው ላይ። ስንት ሰዓት ነው አሁን? ዘጠኝ ከሩብ? ሰፊ ጊዜ ነው። በሰባት ዓመት ላይ ሁለት ሰዓት ሲጨመርበት ምን አለው?

ልጄ ባለፈው ምን ጠየቀችኝ መሰለሽ። እኔ ስመዘገብ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ዘንድሮ እዚሁ ግቢ፣ ወዲያ ማዶ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ዓመት ናት። ከጓደኞቿ ጋር ስታገኘኝ «ሲኒየራችን ናት» እያለች ነው የምታስተዋውቀኝ። እና «እማዬ፣ ማስተርስ ለማግኘት ምን ምን ያስፈልጋል?» አለችኝ፣ ለወደፊቱ አስባ። እኔም መመሪያው ላይ ያለውን ነገርኳት። ሠላሳ ክሬዲት ኮርስ፣ ሁለት ሴሚናር፣ ፕሮፖዛል ማስጸደቅ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ጽፎ ለአማካሪ ማሳየት፣ ከዚያ አንድ የውስጥና አንድ የውጭ ፈታኝ ፊት ቆሞ መከላከል። አጭር ነው፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። መመሪያው ላይ የሌለውን ግን አልነገርኳትም፣ ልጅ አይደለች፣ ተስፋ ለምን ላስቆርጣት? ከኮሪደሩ ጫፍ የጫማ ድምፅ ሰምቶ ማን እንደመጣ መለየት እንደሚያስፈልግ፣ በፊት ለፊቱ ደረጃ የገባ ሰው በኋለኛው ሊወጣ እንደሚችል ማወቅ እንደሚያስፈልግ… እነዚህ ከክሬዲት አይቆጠሩም።

ኮርሱማ ምን አለው። ከሥራ እየወጣሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ይዤ፣ በሁለት ዓመት ጨርሼው ነበር። ስታቲስቲክስን ሦስት ጊዜ ነው የወሰድኩት፤ ሁለቱን በመውደቅ፣ ሦስተኛውን በመምህሩ ርኅራኄ። ፕሮፖዛሌን ስከላከልም የጥናቱን ርዕስ ረሳሁት። የገዛ ርዕሴን። የፊት ገጹን ገልጬ አንብቤ ነው የነገርኳቸው። «ባለጉዳዮች በሕዝብ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ያላቸው የመጠበቅ ልምድ።» ሳቂ፣ ሳቂ፣ እኔም እስቃለሁ። ስለ መጠበቅ ነው ያጠናሁት። ያኔ ርዕሱ የተመረጠልኝ መስሎኝ ነበር እንጂ የታዘዘብኝ አልመሰለኝም።

ባለጉዳይ ፍለጋ ደግሞ ሩቅ አልሄድኩም፤ ከገዛ መስኮቴ ፊት ያለውን ሰልፍ ነው የጠየቅኩት። አስቢው እስቲ። እኔው አስጠብቃቸዋለሁ፣ እኔው ወጥቼ «መጠበቅ ምን ስሜት ይፈጥርብዎታል?» እላቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ አናጺ፣ የልጃቸው የልደት መዝገብ ላይ የተሳሳተ ስም ለማስቀየር የሚመላለሱ። መጠይቅ ቁጥር አሥራ አራት። ከሰልፉ አውጥቼ ጥግ አስቀመጥኳቸውና አርባ ደቂቃ አወሩልኝ። እንባዬን መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ። ስንጨርስ የሥራ ሰዓት አልቋል፤ መስኮቴን ዘጋሁና «አባባ፣ ነገ ይመለሱ» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ችግር የለም ልጄ፣ ይህንንም ጽሑፉ ላይ ጨምሪው።» ጨመርኩት፣ ገጽ መቶ ሠላሳ ላይ አለ። ጉዳያቸው ካለቀ ቆየ፣ ግን አሁንም በዚያ ሲያልፉ በመስኮቱ ብቅ ይሉና «ትልልቆቹ ሰዎች ያልኩትን አነበቡት?» ይሉኛል። አራት ዓመት ሙሉ «እያነበቡት ነው አባባ» እላቸዋለሁ። አፍራለሁ እህቴ፣ እውነቴን ነው፣ ከልቤ አፍራለሁ።

አይ፣ የኔ አማካሪማ… እግዜር ይስጣቸው፣ ስለሳቸው ክፉ ከአፌ አይወጣም። ሰባት ዓመት ስንተዋወቅ አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ለመቆጣት እንኳ መገናኘት ያስፈልጋል ብለሽ እንዳትተረጉሚው፣ ጠባያቸው ነው። እኔ ሰሞኑን የከነከነኝ የአክስቴ ልጅ አማካሪ ነው። አታውቂውም፣ ሌላ ሰው ነው፣ ሌላ ቦታ ነው። የአክስቴ ልጅ እንደኔው ማስተርስ ጀምራ ነበር… አዎ፣ እንደኔው ሶሺዮሎጂ… አዎ፣ እሷም ሰባት ዓመቷ ነው። ቤተሰባችን ውስጥ ያለ ነገር ነው መሰለኝ፣ በዘር የሚሄድ።

ሰውየው በጣም የተማረ ነው አሉ። ሌላው አማካሪ የተማሪውን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ሲያጨማልቅ ይውላል፤ እዚህ ጋ ምንጭ የለም፣ እዚያ ጋ አልገባኝም፣ ይህ አንቀጽ ወዲያ ይዙር። እሱ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ሦስት ቃል ነው የሚጽፈው፣ ሽፋኑ ላይ። «ምዕራፍ ሦስት ይጠናከር።» ከሥሩ ቀን። በቃ። ሰው በሦስት ቃል ሰባት ዓመት ማስተማር ከቻለ ይህ ተሰጥኦ አይደለም ትያለሽ?

የአክስቴ ልጅ ደግሞ የዋህ ናት። የዋህ ስልሽ ደነዝ ማለቴ ነው፤ ዘመዴ ስለሆነች ነው ያቆላመጥኳት። ምዕራፍ ሦስት ያው የጥናቱ ዘዴ ነው፣ ማንን ጠየቅሽ፣ ስንት ናቸው፣ እንዴት መረጥሻቸው የሚለው። መጀመሪያ የጠየቀችው መቶ ሃምሳ ሁለት ሰው ነበር። ይጠናከር ስትባል ስድሳ ሰው ጨመረች። አሁንም ይጠናከር ተባለ፤ የመሥሪያ ቤቱን ካርታ አስገባች። ይጠናከር፤ የሰልፉን ፎቶ አስገባች። ይጠናከር፤ ወንበሮቹን ቆጥራ በሠንጠረዥ አስቀመጠች፣ የተሰበሩትን ለብቻ። ምን ጎደለው ብላ ብትጠይቅ አላዋቂነቷ የሚታይባት መስሏት አልጠየቀችም። ዝምታውን ጥልቀት ነው ብላ ወሰደችው። «አየሽ፣ ራሴ እንድደርስበት ነው የሚፈልገው» ትለኝ ነበር፣ ሻይ እየጠጣች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። አሁን ምዕራፍ ሦስቷ ዘጠና አራት ገጽ ሆኗል፤ ሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ ተደምረው ስድሳ አንድ ናቸው። ከመጠንከሩ የተነሳ ፎቅ ቢሠራበት አይደረመስም።

የምስጋና ገጹንማ አታንሺብኝ። መጀመሪያ ሁለት መስመር ነበር። ረቂቁ በተመለሰላት ቁጥር ከግኝቱ ይልቅ እሱን ነው ስታሻሽል የኖረችው፣ ምናልባት ያቺን ገጽ ያነቧት ይሆናል ብላ። አሁን ገጽ ተኩል ደርሷል። «ያላሰለሰ ክትትላቸው»… «እያንዳንዷን ቃል በጥንቃቄ»… እንዲህ እንዲህ ይላል። የወለደቻት እናቷ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው የገባችው፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ። ሳነበው እፍረቱ ለኔ ተረፈኝ። ለምን ለኔ ትዪኛለሽ? ያው ዘመድ ነኝ።

ልታስገቢልኝ ነው ቅጹን? ተባረኪ። ስብሰባውን ካልረበሸ…

ምን አሉ? ቅጹስ እዚያው ቀረ? ነገ? «ምዕራፍ ሦስትን አንድ ጊዜ አይቼው፣ ነገ ጠዋት ትምጣ» አሉ? ከዚያ ሁሉ ስብሰባ መሐል እኔን አስታውሰው መልስ መስጠታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገ እንኳ የለም፣ እህቴ። ነገ እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ ነገ መስኮት ቁጥር አራት ነኝ። ግን አንቺ ምን ታደርጊ? ተቀመጪ። እኔም ልቀመጥ። ያችን የአክስቴን ልጅ ወሬ ሳልጨርስልሽ ነው ለካ፤ ልጨርሰው፣ ጊዜው እንዲሄድልን።

መቼም ቲሲስ የጻፈ ሰው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ጉድ ያውቃል። እሷም አንዱን ፋይል «የመጨረሻ» ብላዋለች። ሌላውን «የመጨረሻ ሁለት»። ከዚያ «የእውነት የመጨረሻ»። ከዚያ ደግሞ «ይሄ ነው የመጨረሻው»። ዘንድሮ፣ ገና በዓመቱ መግቢያ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እየሮጠች ማተሚያ ቤት ትሄድና «ይሄ ነው የመጨረሻው» ማለት ሲገባት «የእውነት የመጨረሻ» የሚለውን አሳትማ ታስረክባለች። ያ ፋይል ማለት ደግሞ ዓምና አስረክባው፣ ሽፋኑ ላይ «ምዕራፍ ሦስት ይጠናከር» ተብሎ የተመለሰላት ራሱ ነው። አንድ ነጥብ አልተነካም። ገጽ አርባ ላይ ተገልብጦ የታተመው ሠንጠረዥ እንኳ እንደተገለበጠ ነው።

ቤቷ ስትገባ ነው ያወቀችው። «ቀለድሽብኝ ይለኛል፣ አባረረኝ በቃ» አለች። በማግስቱ ሄዳ ልትቀይረው ብትል ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው… አዎ፣ እዚያም ስብሰባ አላቸው። ሁለት ወር ሙሉ ምግብ አልበላ ብሏት ከረመች። ከዚያ ረቂቁ ተመለሰ። ሽፋኑ ላይ ምን ይላል መሰለሽ? «ከዓምናው እጅግ ተሻሽሏል። ምዕራፍ ሦስት ግን ይጠናከር።»

እና መጀመሪያ ምን የተሰማት ይመስልሻል? ተናደደች? አለቀሰች? ደስ አላት እንጂ። ተሻሽሏል ሲሏት ተሻሻለች። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷ በርቶ ዋለ፣ ለሥራ ባልደረቦቿ ሻይ ጋበዘች። «አሁንስ ሳይገባቸው አልቀረም» አለች። ልጇ ናት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ «እማዬ፣ ያው ራሱ ወረቀት እኮ ነው» ያለቻት። አዎ፣ የአክስቴም ልጅ ሴት ልጅ አለቻት። አልኩሽ እኮ፣ በዘር ነው።

ቆይ፣ ቦርሳዬ ከብዶኝ ነው፣ ጠረጴዛሽ ላይ ላስቀምጣቸው። እነዚህ ናቸው፣ ሁለቱም። ለማስጠረዝ ሰጥታኝ ነው። ይሄ የዓምናው፣ ይሄ የዘንድሮው፤ ቀኑም የእጅ ጽሑፉም ሽፋኑ ላይ አለ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል አይደል? አንቺማ የስንቱን እጅ ጽሑፍ ስትተይቢ ኖረሻል፣ ይህን የት ነው የማውቀው ብለሽ ራስሽን አታድክሚ። ቅድም ሁለቱን ይዛ ዲኑ ቢሮ ልትወጣ ነበር፤ አንድ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ሃያ አራት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። እኔ ነኝ የያዝኳት። ተይ፣ ሰው ይሳሳታል፣ አልኳት። አንቺስ የተሳሳተ ፋይል አላሳተምሽም? እሱም ያላነበበውን አንብቤያለሁ ብሎ ቢጽፍ ሰው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ጠብቂና እንተያያለን አልኳት።

ደግሞ እኮ ተጠያቂዋ ራሷ ናት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጠይቄ ምን እንዳገኘሁ ልንገርሽ? አጠያየቄን እርሺው፣ ግኝቱን ስሚ። ሁለት ሰዓት የጠበቀ ሰው ይሳደባል። ሁለት ቀን የጠበቀ ያለቅሳል። ሁለት ወር የጠበቀ ግን ለመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ይሆናል፤ «ሥራ በዝቶባቸው እኮ ነው፣ ምን ያድርጉ» ይላል፣ አዲስ የመጣውንም እሱ ነው የሚያረጋጋው። ይህን የጻፍኩት ምዕራፍ አራት ላይ ነው። በገዛ እጄ ጽፌ፣ በሠንጠረዥ አስደግፌ፣ ከዚያ ቀና ስል ይህ ወንበር ላይ ነኝ፤ አዲስ የገባች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ስትለኝ «ኧረ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው» እላታለሁ። እንዲህ ያለ ተመራማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጥናቱ ሲያልቅ ራሷ መቶ አምሳ… ይቅርታ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ መረጃ ሰጪ ሆና አረፈችው። ስታቲስቲክስ ሦስቴ የወሰደ ሰው ቁጥር እንዲህ ያምታታዋል።

ስልክሽ እየጠራ ነው… የውስጡ ነው? ግቢ፣ ግቢ። እኔ የት እሄዳለሁ።

ምነው ሮጥሽ? ምንድነው እሱ? የኔ ቅጽ?… ተፈረመ? እስቲ ልየው። ቀለሙ እንኳ ገና እርጥብ ነው። «የመመረቂያ ጽሑፉን አንብቤ ለፈተና ብቁ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።» ስትገቢ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ከሃምሳ አራት ነው። መቶ ሃምሳ አምስት ገጽ በአራት ደቂቃ። ጽሑፉ ደግሞ አልገባም እኮ፣ ያው መደርደሪያሽ ላይ ነው፤ ያሰርኩበት ክር እንኳ አልተፈታም። እኔ ስንት ነገር ስጠራጠር ለካ እሳቸው እንዲህ ፈጣን ናቸው። ለምን ሰባት ዓመት አድክሜያቸው ኖርኩ?

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ይለኛል፣ ቆይ፣ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ፊርማ ፈልጌ መጣሁ፣ ፊርማ አገኘሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እስካሁን የጠበቅኩት ለፊርማ አይመስለኝም ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ገጽ መቶ ሠላሳ ላይ ይደርስና ቀና ብሎ «እኚያ አናጺ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?» ይለኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው። ተሳስተሻል ቢለኝ እንኳ፣ የማይረባ ነው ቢለኝ እንኳ። ይህን ያህል ዓመት ጽፌ ያነበበኝ ሰው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ ብቻ ናት፤ እሷም ሁለት ወረቀት ስታስተያይ ነው።

ይሁን። እነዚህን ሁለቱን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተታቸው፣ ዲኑንም አናስቸግር። እሷን አሳምናታለሁ። እኔ ወደ ድህረ ምረቃ ቢሮ ልሩጥ፣ እዚያም ሰልፍ አይጠፋም፤ ብጠብቅ እንኳ እኔ ባለሙያ ነኝ።

ኮት እየለበሱ ነው እንዴ? ስብሰባው አለቀ? ዛሬ በጊዜ ሊወጡ ነው ለካ… ምን? ልጃቸው? አላውቅም ነበር፣ ማንም አልነገረኝም። ዛሬ ነው የምትመዘገበው? ሌላ ዩኒቨርሲቲ… አባቷ ካሉበት እንዳትሆን ብለው። ማስተርስ። ሶሺዮሎጂ ነው አልሽኝ? አባቷን መስላ።

እንዴት ደስ ይላል። አይ፣ አልገባም፣ አሁን በልጅ ደስታ ላይ እኔ ምን አደርጋለሁ። አንቺ ንገሪልኝ፣ ወይም… በሩ ክፍት ነው፣ ይሰማሉ። እንኳን ደስ ያላቸው በዪልኝ። እግዚአብሔር ጤናውን ይስጣት። ኮርሱን በሰላም ትጨርስ፣ ስታቲስቲክሱን እንደኔ ሳትንከራተት በአንዴ ትለፍ። ወንበሩም እግሩ የጸና ይሁንላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አባቷ ለኔ እንደሆኑልኝ የሚሆንላት አማካሪ ይስጣት። ቁርጥ እሳቸውን። በእያንዳንዱ ነገር እሳቸውን የሆነ፣ አንድም ነገር ያልጎደለበት፣ አንድም ነገር ያልተጨመረበት።

አሜን በዪ እንጂ እህቴ።